የእሁድ ጀበና፦ ከከተማ ዳር ለሚኖሩ ባለትዳሮች የሳምንት ጨዋታ አሠራር

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ ወይም ቦሌ አራብሳ እየኖረ ሜክሲኮ ወይም ፒያሳ የሚሠራ ሰው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ይነሳል፤ ማታ ሁለት ሰዓት ግድም ይገባል። መንገዱ ለመሄድ ሁለት፣ ለመመለስ ሁለት ሰዓት የሚወስድበት ቀን አምስት ጊዜ ከተደጋገመ በሳምንት 20 ሰዓት በታክሲ ሰልፍና በአውቶቡስ ያልቃል። ባልም ሚስትም እንዲህ ከዋሉ ማታ የሚነጋገሩት "ውሃ መጣ?"፣ "ካርድ ተሞላ?"፣ "ልጁ በላ?" ብቻ ይሆናል። ጠብ የለም፤ ወሬም የለም። ሚስት ባሏ ሰሞኑን ምን እንዳስጨነቀው ከጓደኛው ሚስት ትሰማለች፤ ባል ሚስቱ ትምህርት ለመጀመር ማሰቧን ምዝገባው ካለፈ በኋላ ያውቃል። ፍቅር የሚቀዘቅዘው እዚህ ጋ ነው።

የምንመክረው ነገር አንድ ነው፦ በሳምንት አንዴ፣ በታወቀ ቀንና ሰዓት፣ ሁለታችሁ ብቻ የምትጠጡት ቡና፤ ከጀበናው ጎን አንድ ደብተር። ቡናን የመረጥነው በምክንያት ነው። ቡና ራሱ ሰዓት አለው፤ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይባላል። ከበረካ በፊት መነሳት ደግ እንዳልሆነ ሁላችንም ከልጅነታችን እናውቃለን። ከባዱ ጉዳይ ቶና ላይ ከተነሳ ማንም ጥሎ አይነሳም፤ ከዚያ በኋላም ገና አንድ ሲኒ ይቀራል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው፦ የከበደ ነገር መሃል ላይ ይነሳል እንጂ መጨረሻ ላይ አይነሳም።

ቀኑን መምረጥ

ለብዙ ቤት እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ይመቻል። ጠዋቱ የቅዳሴ፣ የእድር ወይም የብሎክ ስብሰባ ነው፤ ቀትር ላይ ምሳና ልብስ አጠባ አለ። ከ12 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሰኞ ራስ ላይ ትወጣለች፤ ሰው ልብሱን እየተኮሰ ልቡን አይከፍትም። የውሃ ፈረቃችሁ እሁድ ከዋለ ጀሪካኑ ሳይሞላ አትቀመጡ። ቧንቧው እየፈሰሰ የሚደረግ ጨዋታ ሁለት ደቂቃ በተነጋገሩ ቁጥር አንዱን ያስነሳል፤ የሚነሳውም አብዛኛውን ጊዜ ያው አንዱ ሰው ነው። በፈረቃ የምትሠሩ ከሆነ ሁለታችሁም በማግስቱ ማለዳ የማትነሱበትን ቀን ፈልጉ። ዓርብ ማታን ግን ተዉት፤ የሳምንቱ ድካም ያለው እዚያ ነው።

የጎረቤት ነገር በደንብ ሊታሰብበት ይገባል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቡና ሲቆላ ሽታው ሦስት ፎቅ ይወጣል፤ ጎረቤትን ሳይጠሩ መጠጣትም ያስወቅሳል። ይህን በመደበቅ አትወጡትም። ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤት ቡና አድርጉ፤ እዚያው ላይ በግልጽ ተናገሩ፦ "እትዬ፣ እሁድ አስር ሰዓት ላይ ሁለታችን የምንነጋገርባት ሰዓት ናት፤ ደግሞ እንዳይከፋዎት።" አንዴ የተነገረው ሰው ያከብራል፤ የሚቀየመው ያልተነገረው ነው። እንግዳ ድንገት ከመጣ በደስታ ተቀበሉ፣ ደብተሩን አንሱ፣ ጨዋታውን ወደ ማታ አዛውሩት። እንግዳ ፊት በአሽሙር መጀመር ከሁሉም የከፋ ነው። ልጅ ካለ ያን ሰዓት ታች ይጫወት፤ የእናትና የአባቱን ገንዘብና ቅሬታ የሚሰማ ልጅ ይጨነቃል።

ደብተሩና ዕቃው

ባለ 50 ሉክ ደብተር በቂ ነው። ለአንድ ሳምንት ፊት ለፊት ያሉ ሁለት ገጾች ከተያዙ ደብተሩ ለ50 ሳምንት ይሆናል፤ በዓልና ለቅሶ የሚወስዷቸው እሁዶች ሲቀነሱ ዓመቱን ያደርሳል። የግራው ገጽ የእሷ፣ የቀኙ የእሱ። ከታች አራት መስመር ለጋራ ይተው። ስልክ ላይ መጻፍ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ስልክ በእጅ ከተያዘ መልእክት ይመጣል፣ ዓይን ይሄዳል፣ ሌላው "እየሰማኸኝ ነው?" ይላል፤ ሰዓቱ ያልቃል። ሁለቱም ስልኮች ድምፃቸው ተዘግቶ ሌላ ክፍል ይቀመጡ።

ጀበናው ትንሹ ይሁን። ለሁለት ሰው አንድ ሲኒ ጥሬ ቡና ለሦስቱም ዙር ይበቃል። ለአቦል ሦስት ሲኒ ውሃ፣ ለቶናና ለበረካ ሁለት ሁለት ሲኒ ይጨመራል። በትልቅ ጀበና ከተፈላ ውሃው እስኪፈላ ሰዓቱ ይሄዳል፤ የተረፈው ቡናም ጎረቤት ያስጠራል። ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ በረንዳ ላይ አቀጣጥሉት፤ ፍሙ ቀልቶ ከገባ በኋላም መስኮቱ ክፍት ይሁን። የከሰል መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረ እሳቱን ትታችሁ ወዲያው ውጡ።

አንድ ነገር አጥብቀን እንላለን፦ አንዱ ብቻ ሁልጊዜ አፍይ ከሆነ ይህ ሥራ አይሠራም። እሷ ስትቆላ፣ ስትወቅጥ፣ ስትቀዳ፣ ሲኒ ስታጥብ እሱ ተቀምጦ ካወራ፣ እሷ አስተናጋጅ እንጂ ተነጋጋሪ አልሆነችም። አንድ እሁድ እሷ ታፍላ፣ ቀጣዩን እሱ። መቁላት የማያውቅ ባል በሦስት እሁድ ይለምደዋል። የመጀመሪያው ጊዜ የሚያርበት እሳቱን ስለሚያበዛና ማማሰሉን ስለሚተው ነው፤ እሳቱን ቀንሶ ከብረት ምጣዱ ላይ እጁን ሳያነሳ 10 ደቂቃ ያህል ያማስል።

ሲቆላ፦ መጻፊያ

አንዱ ሲቆላ ሌላው ገጹን ይጻፍ፤ ሲወቀጥና ውሃው እስኪፈላ ቦታ ይለዋወጡ። እያንዳንዱ ሰው ከስድስት መስመር አይበልጥም። ሦስቱ መስመር በሳምንቱ የሆነ ነገር፣ አንዱ ምስጋና፣ አንዱ ቅሬታ፣ አንዱ ለራስ የያዙት ነገር የደረሰበት። ልኩ እንዲህ ነው፦

"ጥቅምት 9። ሰኞ ሪፖርቱ ተመለሰብኝ፤ እስከ ረቡዕ እንቅልፍ አልነበረኝም። ሐሙስ እናቴ ደወለች፣ ጉልበቷን አሟታል። ዓርብ ታክሲ ውስጥ የድሮ ጎረቤታችንን አገኘሁ፣ ወልዳለች። ምስጋና፦ ረቡዕ ሳልነግርህ ምሳ ዕቃዬን አጥበህ አዘጋጅተህልኛል። ቅሬታ፦ የማክሰኞ ማታው። ለራሴ፦ ከአምስት ቀን ሦስቱን አጥንቻለሁ።"

ምስጋናው የሆነ ነገር ላይ መቆም አለበት። "ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ" የሚል ምስጋና ሁለት ሳምንት ከተጻፈ ሦስተኛው ላይ ማንም አያነበውም። ምሳ ዕቃው፣ ቀኑ፣ ሳይጠየቅ መደረጉ ይጻፍ። የተጻፈ ምስጋና ሌላም ጥቅም አለው፦ ዓይን በሳምንቱ ውስጥ የሚጻፍ መልካም ነገር መፈለግ ይጀምራል።

አቦል፦ የሰሞኑ ወሬ

ጀበናው ከእሳት ወርዶ ማቶቱ ላይ አምስት ደቂቃ ያህል ይስከን። ከዚያ ተቀድቶ ወሬው ብቻ ይነገራል፤ ለእያንዳንዱ ሰባት ስምንት ደቂቃ። አድማጭ የሚሠራው አንድ ሥራ ነው፤ መጠየቅ። "ከዚያስ?"፣ "አንቺ ምን አልሽ?"፣ "አሁንስ እንዴት ነሽ?" ምክር አይሰጥም። ሪፖርቱ የተመለሰባት ሴት ከባሏ የምትፈልገው የሪፖርት አጻጻፍ ትምህርት አይደለም፤ እስከ ረቡዕ ያልተኛችበትን ነገር የሚያይላት ሰው ነው። ምክር ከፈለገች ትጠይቃለች። አብዛኛው ባል የሚስተው እዚህ ነው፤ ችግር ሲሰማ መፍትሔ ካላመጣ የቀለለ ይመስለዋል።

ቶና፦ ቅሬታና ገንዘብ

"ዝም አይነቅዝም" ይባላል፤ ለገበያና ለሸንጎ ልክ ሊሆን ይችላል። ትዳር ውስጥ ግን ዝም ይነቅዛል። ያልተነገረው ነገር ሆድ ውስጥ ያድርና በጨው መብዛት፣ በበር አዘጋግ፣ "ምንም አልሆንኩም" በሚል መልስ ይወጣል። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ፣ አንድ ብቻ፣ ከእያንዳንዱ ይነሳ። ሦስት ከተነሳ የመጀመሪያው ይረሳል፤ ሰሚውም ተከሳሽ ይሆናል።

አነጋገሩ አራት ነገር አለው፦ መቼ፣ ምን ሆነ፣ ምን ተሰማኝ፣ ምን ይሁን። የማክሰኞውን ማታ እንውሰድ። የሚያበላሸው አነጋገር ይህ ነው፦ "አንተ ሁሌም ታመሻለህ፤ ለዚህ ቤት ግድም የለህ።" ለዚህ ያለው መልስ አንድ ነው፤ ያላመሸበትን ቀን መቁጠር። የሚሠራው ደግሞ ይህ ነው፦ "ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ገባህ፤ ስልክህ ዝግ ነበር። ውሃ መጥቶ ስለነበር ስድስት ጀሪካን ብቻዬን ቀዳሁ። ከድካሙ ይልቅ ምን ሆኖ ይሆን ያልኩት በላብኝ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ካለፈ ሰልፍ ላይ ሆነህም ቢሆን አንዲት መልእክት ላክልኝ።"

ሰሚው ከመመለሱ በፊት የሰማውን በራሱ ቃል ይድገም፦ "እንግዲህ የከበደሽ ብቻሽን መቅዳትሽ ሳይሆን የት እንዳለሁ አለማወቅሽ ነው፤ አይደል?" እሷ "አዎ" ካለች ብቻ ወደ ራሱ ጉዳይ ይግባ፦ ባትሪው አልቆ ነበር፣ ሰልፉ ረዝሞ ነበር። ይህች ድግግሞሽ መጀመሪያ ላይ ሰው ሠራሽ ትመስላለች፤ ታግሣችሁ ያዙዋት። ሰሚው የሰማውን አሳስቶ ሲደግም ከምታስቡት በላይ ይገኛል፤ ሰዎች ለሰዓታት የሚጨቃጨቁት እየተነጋገሩ ያሉት ስለ ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን ሳያውቁ ነው። የተስማሙበት ነገር ከታች ባሉት መስመሮች ይጻፍ፦ "ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ መልእክት። ትንሿን ቻርጀር ቦርሳ ውስጥ መያዝ።" ቻርጀሩ ካልተጻፈ ስምምነቱ በሚቀጥለው ባትሪ ማለቅ ይፈርሳል።

በቶና ሰዓት የማይነገሩ ቃላት አሉ፦ "ሁሌ"፣ "በጭራሽ"፣ "እንደ እናትህ"፣ "እንደ አባትሽ"። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጉዳዩን ከሁለት ሰው አውጥተው የሁለት ቤተሰብ ያደርጉታል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ጀሪካን አያወራም። የከረመ ቂምም፣ ያምናው የሠርግ ወጪ፣ የካቻምናው የእህት ንግግር፣ በዚህ ሰዓት አይገባም፤ ደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ርእሱ ብቻ ይጻፍና ለብቻው ቀን ይያዝለት።

ድምፅ ከፍ ካለ አቁሙ። ደም ከፈላ በኋላ ጆሮ አይሰማም፤ እስኪሰክን ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። የሚነሳው ሰው የሚመለስበትን ሰዓት ተናግሮ ይነሳ፦ "ብሎኩን ዞሬ ከሃያ ደቂቃ በኋላ እመለሳለሁ።" ሰዓት ሳይነገር የተወጣ መውጣት ኩርፊያ ነው፤ ኩርፊያ ደግሞ ካደረ ይጠነክራል፣ ሦስት ቀን ከቆየ ማን መጀመሪያ ይናገር የሚለው ራሱ አዲስ ጠብ ይሆናል። በእነዚያ 20 ደቂቃዎች ለእህት ወይም ለጓደኛ አትደውሉ። እናንተ ታርቃችሁ ትተኛላችሁ፤ የሰማችው እህት ግን ቂሙን ለዓመት ትይዘዋለች።

ገንዘቡ ከቅሬታው በኋላ በ10 ደቂቃ ያልቃል፤ ሥርዓት ከተበጀለት። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት በጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው ይላል። ቤት መሸጥ፣ ማከራየት ወይም በመያዣ ማስያዝ ቀርቶ ከ500 ብር በላይ መበደር፣ ማበደርና ለሰው ዋስ መሆንም የሁለቱን ስምምነት ይፈልጋል። "የራሴ ደመወዝ ነው" ብሎ ለጓደኛ ዋስ የሚሆን ሰው ትዳሩን ብቻ ሳይሆን ሕጉንም እያለፈ ነው። ለሳምንቱ ጨዋታ ሦስት ቁጥር ይበቃል፦ ለቤት የወጣ፣ ለእቁብ የገባ፣ ለወላጅ የሚላክ። ለወላጅ የሚላከው ከመላኩ በፊት ይነገር፤ በቴሌብር ከሄደ በኋላ የተሰማ ብር መጠኑ ትንሽም ቢሆን ያስቀይማል። "ዘንድሮ አልቻልንም" ማለት ካስፈለገም እያንዳንዱ ለራሱ ወላጅ ይናገር፤ ምራት ለአማቷ ይህን ከተናገረች ነገሩ የእሷ ሆኖ ይቀራል። ለእያንዳንዳችሁም በወር የማትጠያየቁበት የግል ብር ይለይ፤ እኩል ይሁን፣ ትንሽም ይሁን። ተከራዮች ከሆናችሁ ውሉ የተፈረመበትን ቀን ደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፉ፤ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል።

በረካ፦ ለራስ የያዙት

እዚህ ድምፁ ይለወጣል። እያንዳንዱ ለሦስት ወር አንድ ነገር ይያዝ፦ የማታ ትምህርት፣ መንጃ ፈቃድ፣ ቁጣን መቀነስ፣ ሰበታ ወይም ቡራዩ ገበያ ለሚውል ሰው ኦሮምኛን አስተካክሎ መናገር። "ዘንድሮ ራሴን እለውጣለሁ" የሚለው አይጻፍም፤ ምን፣ መቼ፣ የት የሚለው ይጻፋል፦ "ከእራት በኋላ፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ማዕድ ቤት ጠረጴዛው ላይ፣ 15 ደቂቃ።" አንድ ሰዓት ብለው የሚጀምሩ መብራት የጠፋበትና መንገድ የተዘጋበት ሳምንት ሲመጣ ይተዉታል፤ 15 ደቂቃ ግን በሻማም ይቻላል። አንድ ቀን ካለፈ ማግስቱን በእጥፍ ለመክፈል አትሞክሩ፤ የሚያስቆመው ያመለጠው ቀን ሳይሆን የተከማቸው ዕዳ ነው።

ከያዙት ነገር ጎን ሌላው የሚሰጠው አንድ ድጋፍ ይጻፍ፦ "በዚያ 15 ደቂቃ ልጁን እኔ እይዛለሁ።" ከዚህ ያለፈ ቁጥጥር አይኑር። በየማታው "አጠናሽ?" የሚል ባል አስተማሪ እንጂ ባል አይሆንም። የሚጠየቀው በሳምንት አንዴ በረካ ላይ ነው፤ መልሱ "አልቻልኩም" ከሆነም "ምን አስቸገረሽ?" ይባልና ይታለፋል።

በሳምንቱ ውስጥ

ወደ ቤት ስትገቡ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ከጥያቄ ነፃ አድርጓቸው። ክረምት ላይ ጭቃውን ረግጦ የገባ ሰው እግሩን ሳይታጠብ ስለ ካርድ መጠየቅ የለበትም። ከታክሲ ውስጥ ስትደውሉ ሦስት ነገር አታንሱ፦ ገንዘብ፣ የቤተሰብ ጉዳይ፣ ወቀሳ። አጠገብ የተቀመጠው ሰው ስለሚሰማ ተናጋሪው ያፍንና ድምፁ ይደርቃል፤ ሰሚው ድርቀቱን እንጂ ምክንያቱን አያውቅም። "ደርሻለሁ"፣ "ሰልፉ ረዝሟል"፣ "ያን ቤት አይቼ አስታወስኩሽ" ለስልክ ይበቃሉ።

ገና ያልተጋባችሁና አንዱ አያት ሌላው ጦር ኃይሎች የምትኖሩም በዚሁ መንገድ መሄድ ትችላላችሁ፤ ባቡሩ መሃል ላይ ስታዲየም ወይም ሜክሲኮ ያገናኛችኋል። ገንዘቡን ተዉት፤ ወሬው፣ አንዷ ቅሬታና ለራስ የያዙት ይበቃል።

አንድ ቅሬታ አራት እሁድ ተነስቶ ካልተፈታ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ የንስሐ አባት፣ ሼህ፣ ፓስተር ወይም ነገር የማያወጣ ታላቅ ዘመድ። ደብተሩን ግን ለሽማግሌ አታሳዩ፤ አንዴ ማስረጃ ከሆነ ከዚያ በኋላ ማንም በእውነት አይጽፍበትም። ዱላ፣ ማስፈራራት ወይም ቤት ውስጥ መቆለፍ ካለ ይህ ጽሑፍ ለዚያ ቤት አይሆንም። እዚያ የሚቀድመው መውጣትና መጠለል፣ ለሚታመን ዘመድ መናገር፣ ለፖሊስ ወይም ለወረዳው የሴቶች ጉዳይ ማመልከት ነው።

ጳጉሜን

ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሩ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይነበብ። ጳጉሜን አምስት ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ፣ በሚቀጥለው በ2019፣ ስድስት ትሆናለች። በአንድ ቀን ሩብ ዓመቱን ካነበባችሁ በአራት ቀን ይደረሳል፤ አንድ ቀን ይተርፋል።

ስታነቡ ቅሬታዎቹን ቁጠሩ። አንድ ነገር በዓመቱ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከተጻፈ ከስሙ ጎን ምልክት አድርጉ። ተደጋግሞ የሚመጣ ቅሬታ ብዙውን ጊዜ የሰው ክፋት ሳይሆን የቤቱ ሥርዓት ጉድለት ነው። "ብቻዬን ቀዳሁ" ጥቅምት ላይ፣ ጥር ላይ፣ ግንቦት ላይ ከተጻፈ ባሉን መምከር አይበቃም፤ ሮቶ ለመግዛት የሚደርሰውን እቁብ መያዝ ወይም የፈረቃውን ቀን ተካፍሎ በር ላይ መለጠፍ ይሻላል። ምስጋናዎቹን ደግሞ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ እሱ የጻፈውን እሱ ራሱ፣ እሷ የጻፈችውን እሷ። የረቡዑ ምሳ ዕቃ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ሲነበብ ያጠበው ሰው ራሱ ረስቶት ይገኛል።

በተረፈው ቀን አዲስ ደብተር ግዙ፤ የተማሪ ዕቃ በየሱቁ የሚደረደርበት ሰሞን ነው። ያልተፈቱት ርእሶች ከአሮጌው መጨረሻ ገጽ ወደ አዲሱ መጨረሻ ገጽ ይተላለፉ፤ የተፈቱት ላይ መስመር ይሳብ። አሮጌው ከጋብቻ ወረቀቱ ጋር አንድ ላይ ይቀመጥ።